እድፍ አይደለም



በማስተምርበት መድረሳ አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። የክንዷና የጉልበቷ መታጠፊያ ዘወትር ይቀላል፣ ያሳክካታል፣ ነጭ ቅርፊትም ይረግፍበታል። ልጆቹ «ይይዘናል» እያሉ ሸሿት። እኔም ከእነርሱ አልተሻልኩም፤ አንድ ቀን ከሰላት በፊት «በደንብ ታጥበሽ ነይ» ብዬ ከሰፍ መለስኳት። እናቷ ለካ በቀን ሁለት ጊዜ በልብስ ሳሙናና በሻካራ ጨርቅ ትፈገፍጋት ኖሯል! ልጅቷ ችፌ ነበረባት፤ ያባባሰው ደግሞ የመታጠብ ማነስ ሳይሆን መብዛቱ ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝና ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ሌሎች ወላጆችና መምህራን እንዳይሳሳቱ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

የቆዳችን ሕዋሳት ከታች ይፈጠሩና ወደ ላይ ይጓዛሉ። ከላይ ሲደርሱ ይሞታሉ፣ ይጠፈጠፋሉ፣ በአብዛኛው የሰውነታችን ክፍል ከ15 እስከ 20 በሚደርስ ንብርብር እንደ ጣራ ክዳን ይደረደራሉ። ውኃ ከሰውነት እንዳይወጣ፣ ጀርምም እንዳይገባ የሚከለክለው ይህ የሞተ የሚመስል ሽፋን ነው። ሕዋሳቱን እርስ በርስ የሚያያይዛቸው ከፕሮቲን የተሠራ ጥቃቅን ማሰሪያ ነው። ከታች አዲስ ሲመጣ ከላይ አሮጌው መሰናበት አለበት፤ ለመሰናበት ደግሞ ማሰሪያው መቆረጥ ይኖርበታል።

ታዲያ ማን ይቆርጠዋል? ብዙዎቻችን ውኃ፣ ሳሙናና መፈግፈግ ይመስለናል። በስዊድን አገር የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሉንድስትሮምና ኤገልሩድ በ1988 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያሳተሙት ሥራ ግን ሌላ ነገር አሳየ። ከሰው የውስጥ እግር የተወሰደ የሞተ ቆዳ ቁራጭ በፈሳሽ ውስጥ አኖሩ። ማንም ሳይፍቀው ሕዋሳቱ ይላቀቁ ጀመር፤ ያውም በሕይወት ሳለ ወደ ውጭ በነበረው ገጽ በኩል ብቻ። ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞችን የሚያግድ ንጥረ ነገር ሲጨመርበት መላቀቁ ተገታ። ቢላው ያለው ከቆዳው ውስጥ ነው ማለት ነው! እነዚህ ቆራጮች በጥቅል ስማቸው ፕሮቲኤዝ ይባላሉ፤ በዚህ ሥራ ላይ ዋነኞቹ ዛሬ ካሊክሬን 5 እና ካሊክሬን 7 ተብለው ይታወቃሉ። ሥራቸው በሥርዓት ሲሄድ ሕዋሳቱ በዓይን ሳይታዩ ስለሚረግፉ አናውቀውም። የሚታየን ሥርዓቱ ሲዛባና በጅምላ ሲረግፉ ነው።

ሰገባ የሌለው ቢላ ባለቤቱን ይቆርጣል። አላህ (ሱ.ወ.) ለነዚህም ሰገባ አበጅቶላቸዋል። በታችኛው ንብርብር ሌክቲ የተባለ ፕሮቲን ቆራጮቹን ጨብጦ ይይዛቸዋል። ወደ ላይ ሲወጡ የቆዳው አሲድነት ስለሚጨምር ሌክቲ ይለቃቸዋል፤ ነገር ግን ያው አሲድነት ራሱ ሥራቸውን ዝግ ያደርገዋል። የሌክቲ ዘረ መል ሲበላሽ ምን እንደሚከተል ኔዘርተን በሚባለው ብርቅ በሽታ ይታያል፤ ሕፃኑ ገና ሲወለድ ቆዳው ቀልቶና ተልጦ ይገኛል። ምክንያቱ የታወቀው በ2000 ነው። በተቃራኒው አንዳንድ ወንዶች ልጆች የኮሌስትሮል ሰልፌት ክምችት ቆራጮቹን ስለሚያግድባቸው ቅርፊቱ አልረግፍ ብሎ ቆዳቸው እንደ ዓሣ ገላ ይሆናል።

ወደ ሳሙናው እንመለስ። የጤነኛ ቆዳ ገጽ ፒኤች 5 ገደማ ነው። የተለመደው ደረቅ ሳሙና ግን 9 ወይም 10 ይደርሳል። በእርሱ ደጋግመን ስንታጠብ አሲድነቱ ይቀንሳል፣ ቆራጮቹ ይፈጥናሉ፣ ማሰሪያው ያለ ጊዜው ይበጠሳል። ጤነኛ ቆዳ በሰዓታት ውስጥ ይመለሳል፤ ችፌ ያለበት ግን ቀድሞውንም አሲድነቱ ያነሰ ስለሚሆን ይብስበታል። እናትየው ቅርፊቱን እድፍ መስሏት ስትፈገፍግ ሌላ ቅርፊት ትጠራ ነበር።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወንድሞች ካሊክሬንን ከቁርኣን አንቀጽ ውስጥ ለማውጣት ሲቸኩሉ አያለሁ። እኔ አልወደውም። የሳይንስ ቃል ነገ ሊታረም ይችላል፤ የአላህን ቃል ከእርሱ ጋር ማሰር ለምን? ሱብሐነላህ ለማለት ቢላውና ሰገባው ይበቁኛል።

ዉዱእስ? ልጅቷ ውኃ ሲነካት ስለሚያቃጥላት ዉዱእ መሸሽ ጀምራ ነበር፤ አባቷ ደግሞ ስንፍና መስሎት ይቆጣት ነበር። ዉዱእ ሳሙና አይጠይቅም። አንድ ጊዜ ማዳረስ ግዴታውን ያወጣል፤ ሦስቱ ሱና ነው፤ ከዚያ በላይ መጨመር የተጠላ ነው። ለብ ያለ ውኃ፣ ያለ መፈግፈግ፤ ከዚያ በለስላሳ ፎጣ ጠብ ጠብ አድርጎ ወዲያው ቫዝሊን መቀባት ነው። ውኃው በእርግጥ የሚጎዳት መሆኑን ሐኪም ከነገራት ተየሙም አለላት፤ ዝርዝሩን ዑለማዎችን መጠየቅ ይገባል። ችፌ እንደማይተላለፍም ለልጆቹ በክፍል ተናገርኩ፤ እርሷንም በፊታቸው ይቅርታ ጠየቅኳት።

ሐኪም አይቷት፣ የልብስ ሳሙናውም ቀርቶ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ክንዷ ሻል አለው። ይህን የቆዳ ነገር ሳስተምር እጇን አወጣች።

«ኡስታዝ፣ ረመዳን ሲገባ ከላይ የነበረው ቆዳዬ ለዒድ የለም ማለት ነው?»

«አዎ ልጄ፣ የለም። የእጅሽ መዳፍና የእግርሽ ውስጥ ብቻ ትንሽ ይዘገያሉ።»

መዳፏን ገልብጣ አየችው።