እውነተኛው የሳንቲም ስሕተትና ሐሰተኛው ድርብ ጽሕፈት

ንግድ የሚቆመው በመተማመን ነው፤ መተማመንም የሚጀምረው ከእጅ ወደ እጅ ከሚተላለፈው ገንዘብ ነው። በአንድ ሳንቲም ላይ ያለው ፊደል ወይም ቍጥር ሁለት ሆኖ በታየ ጊዜ ሻጭ አልቀበልም ይላል፤ ገዢ ይቈጣል፤ ነገሩም ከሹም ፊት ይደርሳል። በሌላ በኩል ያንኑ ሳንቲም ብርቅ ነው እያለ ከዋጋው በላይ የሚሸጥ አይታጣም። ሁለቱም የሚሳሳቱት ድርብነቱ ከምን እንደ መጣ ሳይመረምሩ በመፍረዳቸው ነው።

ጥንቃቄው ይልቁንም የሚያስፈልገው ሁለት ገንዘብ በሚገናኝበት ድንበር ነው። በኬንያ በኩል ከዋልዳ ወደ ሞያሌ ገበያ የሚሄድ ነጋዴ በአንድ ቀን ብርም ሽልንግም ሊቈጥር ይችላል፤ የማያውቀውን ሳንቲም ሁሉ ቢጠረጥር ሥራው ይታገዳል፤ ሁሉን ቢያምን ደግሞ ይከስራል።

ሳንቲም የሚታተመው ያልተጻፈበት ክብ ብረት በሁለት የብረት ማኅተሞች መካከል ተጨምቆ ነው። ማኅተሙ ራሱ ሲሠራ ምስሉ ከዋናው ቅርጽ ላይ በኀይል ይጫንበታል። በቀድሞው አሠራር አንድ ጊዜ ብቻ አይበቃም ነበርና ማኅተሙ በእሳት ለስልሶ እንደ ገና ይጫን ነበር። ሁለተኛው ጫና ከመጀመሪያው ጥቂት ዞር ካለ ጽሕፈቱ በማኅተሙ ላይ ድርብ ሆኖ ይቀራል። እውነተኛው ስሕተት ይህ ነው። ምልክቱም ሁለቱ ፊደላት እኩል ከፍታና ሙሉ ቅርጽ ያላቸው መሆናቸው፣ በጫፋቸውም ላይ የመለያያ ስንጥቅ መታየቱ ነው። ስሕተቱ ከማኅተሙ ስለሆነ በዚያ ማኅተም የታተሙት ሳንቲሞች ሁሉ አንድ ዐይነት ድርብነት ይኖራቸዋል።

ሐሰተኛው ድርብነት ግን በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው ማኅተሙ በመኪናው ውስጥ ላልቶ በኅትመቱ መጨረሻ ሲንሸራተት ነው። ያን ጊዜ ከፍ ያለውን ፊደል ገፍቶ ይጨፈልቀዋል፤ በጎኑም ዝቅ ያለ፣ ጠፍጣፋና የሚያብረቀርቅ ደረጃ ይተዋል። ፊደሉ አይጨምርም፤ ይልቁንም ይቀጥናል። መልኩም ከአንዱ ሳንቲም ወደ ሌላው ይለዋወጣል። ሁለተኛው ማኅተሙ ብዙ ከሠራ በኋላ ሲያረጅ ነው፤ የፊደሉ ጠርዝ ያብጣል፤ ይደበዝዛል፤ ሜዳውም ይሻክራል።

የሁለቱን ልዩነት በ1955 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፊላደልፊያ ገንዘብ ማተሚያ ቤት የታተመው አንድ ሳንቲም ያስረዳል። ከአንድ የተሳሳተ ማኅተም የወጡ ከ20,000 የማያንሱ ሳንቲሞች ከደኅናዎቹ ጋር ተቀላቅለው ወደ ሕዝብ ወጡ፤ ዓመቱና ጽሕፈቱ ግልጽ ድርብ ነው። ዛሬ ሰብሳቢዎች እጅግ ውድ ዋጋ ይሰጡባቸዋል። በዚያው ዓመት በታተሙ ሌሎች ሳንቲሞች ላይ ግን የመጨረሻው 5 ቍጥር ብቻ ድርብ መስሎ ይታያል፤ ይህ ያረጀ ማኅተም ያመጣው ነው። ሰዎች «የድኻ ሰው ድርብ» እያሉ ይሸጡታል፤ ነገር ግን ከእውነተኛው ጋር ዝምድና የለውም።

ፊላደልፊያ ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። የግርማዊ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ምስል ያለባቸው ሳንቲሞች በዚያና በእንግሊዝ አገር ታትመዋል። ለብዙ ዓመታት ሲታተሙ የኖሩት በዚያው በ1936 ዓ.ም. ቀን ነው። ስለዚህ ቀናቸው አንድ ሆኖ በጽሕፈታቸው ጥቂት የሚለያዩ ሳንቲሞች ቢገኙ ብዙ ማኅተም በብዙ ጊዜ መሠራቱን ያሳያል እንጂ ስሕተት አይባልም። በ1969 ዓ.ም. ሳንቲሞች ላይም የአንበሳው የአገጭ ጠጕር እንደ ማተሚያ ቤቱ ይለያያል።

ከማተሚያ ቤት ስሕተት የሚብሰው በእጅ የሚሠራው ተንኰል ነው። ስሙኒው በመጀመሪያ ድፍን ክብ ነበረ፤ መጠኑም ከብር በተሠራው ሽልንግ፣ ማለት ከ50 ሳንቲም፣ ጋር ይቀራረብ ነበር። አታላዮች የመዳቡን ስሙኒ በብር እየቀቡ በእጥፍ ዋጋ ማስተላለፍ ጀመሩ። በዚህ ምክንያት ክቡ ስሙኒ ተሰብስቦ ዙሪያው እንደ አበባ ቅጠል የተቈረጠው ተተካ። ከዚያ ወዲህ ዐይን የሳተውን ጣት ይለየው ጀመር። የዙሪያው ቍርጥ ሻካራም የተስተካከለም ስለሚገኝ ሻካራው ብቻውን ሐሰተኛነትን አያስረዳም።

እንግዲህ ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ጕድለቱ ማኅተሙ ሲሠራ መጣ? ወይስ ሳንቲሙ ሲታተም? ወይስ ከወጣ በኋላ በሰው እጅ? መልሱን ለማግኘት አጕሊ መነጽርና ትንሽ ሚዛን ይበቃሉ፤ ከዚህ ጋር የዚያው ዐይነት ሌሎች ሳንቲሞች ለማመሳከሪያ ያስፈልጋሉ። ሳንቲሙን መፈግፈግ አይገባም፤ ማስረጃው ይጠፋልና።

ነጋዴ ሁለተኛው ፊደል ጠፍጣፋ ሆኖ ካገኘው ከተጻፈው ዋጋ በላይ አይክፈል። ሹምም በማተሚያ ቤት የተበላሸውን በእጅ ከተለወጠው ይለይ፤ የፊተኛው ገንዘብ ነው፤ የኋለኛው ወንጀል ነው። ይህን ሳይለይ የሚፈርድ ዳኛ አታላዩን ነጻ አውጥቶ ሳንቲሟን በቅንነት ይዛ የመጣችውን ገበያተኛ ይቀጣል።