የጆን ያንግ እግርና የምድር ላይ ልምምድ

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1972 የአፖሎ 16 አዛዥ ጆን ያንግ ጨረቃ ላይ መሣሪያ ሲተክል እግሩን ገመድ ጠለፈው። የጠፈር ልብሱ ጎንበስ ብሎ እግሩን እንዲያይ አይፈቅድም፤ ገመዱም በዚያ ደካማ ስበት ለጥ ብሎ አይተኛም። ከጨረቃ ሆድ የሚወጣውን ሙቀት ሊለካ የነበረው መሣሪያ ገመዱ ተነቅሎ፣ አንዲት ቁጥር ሳይሰጥ ቀረ። ከዚያ በፊት በአፖሎ 14 ኤድጋር ሚቸል ምርኩዝ የመሰለ ቱቦ መሬት ላይ እያስደገፈ፣ የከርሰ ምድሩን ንዝረት ለማንበብ ትንንሽ ፈንጂ ሲተኩስ ከ21ዱ የፈነዱት 13 ብቻ ነበሩ። በአፖሎ 15 ደግሞ መሰርሰሪያው ካሰቡት ጥልቀት ሳይደርስ ተያዘ። ሦስቱም የንድፈ ሐሳብ ጉድለት አይደሉም፤ እጅ፣ መሣሪያና አፈር ሲገናኙ የሚፈጠሩ ናቸው። ምድር ላይ የሚደረገው የጂኦፊዚክስ ልምምድ የሚጠቅመውም እዚሁ ላይ ይመስለኛል እንጂ ቦታው ጨረቃን ስለመሰለ አይደለም።

መልክ ማስመሰሉማ የቆየ ሥራ ነው። በ1967 የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ባለሙያዎች አሪዞና ውስጥ ፍላግስታፍ አጠገብ፣ ሲንደር ሌክ በተባለው የገሞራ አመድ ሜዳ ላይ፣ የጨረቃን ፎቶግራፍ እያዩ ጉድጓዶችን በፈንጂ ሠርተዋል። የእኛው ዳሎልም በአውሮፓ ተመራማሪዎች ዘንድ የማርስ አምሳያ ተብሎ ይጠናል፤ እዚያ ግን የሚፈለገው በአብዛኛው በጨውና በአሲድ መካከል ሊኖር የሚችል ሕይወት ነው። ለእኔ ከሁሉ የሚያስተምረው ሰሜን ካሊፎርኒያ የሚገኘው ላቫ ቤድስ ነው። የቀለጠ ዐለት ፈስሶ ባዶውን የተወው ዋሻ ከእግር በታች አለ። የናሳ ተመራማሪዎች ከላይ ሆነው በራዳር፣ በማግኔትና በንዝረት መለኪያ ይፈልጉታል፤ ዋሻው አስቀድሞ ተለክቶ የታወቀ ስለሆነ መሣሪያው ሲዋሽ ወዲያው ይያዛል። ጨረቃ ላይ ለመጠለያ የታሰበ ዋሻ ጣሪያው ስንት ሜትር እንደሚወፍር ሲለካ ግን መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ሮቦት አይበቃም ወይ የሚል ይኖራል። ኢንሳይት የተባለው ሮቦት ማርስ ላይ በክንዱ ያስቀመጠው የንዝረት መለኪያ ከ1,300 በላይ ነውጦችን መዝግቧል፤ ይህ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም አንድ ቦታ የተቀመጠ አንድ ጆሮ ነበር። ቅርቡን ከርሰ ምድር ለይቶ ማየት በመስመር የተደረደሩ ብዙ መለኪያዎችን፣ ያልተጠበቀ ንባብ ሲመጣም መስመሩን ወዲያው የሚያዞር ሰው ይጠይቃል። ያ ውሳኔ ኦክስጅን እየተቆጠረ የሚሰጥ ነውና አስቀድሞ ካልለመዱት አይሆንም። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ የምድርን ስበት ማስቀረት አይቻልም። አፖሎ 17 ከወሰዳቸው ሁለት የስበት መለኪያዎች በተሽከርካሪ የዞረው ሠርቷል። ቆሞ የቀረው ግን ክብደቶቹ ለጨረቃ ስበት ሲሰሉ ስሌቱ ተሳስቶ ኖሮ፣ ሚዛኑ አልስተካከል አለ። ይህን ሲንደር ሌክ ላይ ሺህ ጊዜ ቢለማመዱትም አያገኙትም፤ ወረቀቱን እንደ አዲስ የሚያሰላ ሌላ ሰው ነበር ያስፈለገው።