ሳይቃጠል በቅጠል፦ የነከሰ ሞተር በጓሮ ሲለወጥ

የተማረ ሰው እጁ ነጭ፣ ጥፍሩ ንጹሕ መሆን አለበት ብሎ የሚያምን ወጣት በከተማችን ጥቂት አይደለም። እውነቱን ለመናገር እኛም ከእነዚሁ ወገን ነበርን። ዲግሪያችንን ተቀብለን፣ ቢሮ ገብተን ክራቫት ማሰር ከጀመርን ወዲህ፣ መፍቻ የሚባለውን ነገር ማንሣት የሌላ ሰው ዕጣ ይመስለን ነበር። ይህን አስተሳሰብ ያስጣለን መጽሐፍ ወይም የአዳራሽ ንግግር አይደለም፤ አንድ የነከሰ ሞተር ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ያን ሞተር እንዴት እንዳቃጠልነውና እንዴት እንደለወጥነው ለአንባቢዎቻችን ለመንገር እንወዳለን።

መኪናዋ የአንድ ጓደኛችን ናት። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1969 የተሠራች ካርማን ጊያ ስትሆን፣ አባቱ ገዝተው ዕድሜያቸውን ሙሉ የነዷት፣ ሲሞቱም ለእርሱ የተውለት ብቸኛ ቅርስ ናት። ካርማን ጊያ በ1955 የወጣች የስፖርት መኪና ናት፤ መልኳን የነደፈው በቶሪኖ የሚገኘው የጊያ ቤት፣ አካሏን የሠራው የጀርመኑ የካርማን ፋብሪካ ነው። እስከ 1974 ድረስም ከ440 ሺህ የሚበልጡ ተሠርተዋል። ነገር ግን ኮፈኗን የከፈተ ሰው የሚያገኘው የታወቀውን የቮልስዋገን ሞተር ነው። መልኳ የውድድር ፈረስ፣ ልቧ የጭነት በቅሎ ነው ማለት ይቻላል። ይህም ነውሯ ሳይሆን በረከቷ ሆኖ አገኘነው፤ በቅሎዪቱን የሚያውቅ ባለሙያ በአዲስ አበባ አይጠፋምና።

የጥፋታችን ቀን

አንድ እሑድ ሦስት ሆነን ቢሾፍቱ ውለን ስንመለስ፣ ዱከምን እንዳለፍን በመሪው ፊት ያለው ቀይ መብራት በራ። ጓደኛችን ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ፣ «ብንቆምስ?» ሲል ጠየቀን። «ባትሪው አይሞላም ማለት ነው፤ ቤት ስንደርስ ይታያል» ብለን የመለስንለት እኛ ነን። ምንም ሳናውቅ በዐዋቂ ድምፅ ተናገርን፤ እርሱም አመነን። አቃቂ ልንደርስ ስንል የተቃጠለ ዘይት ሸተተን፤ መኪናዋም ዳገት እንደ ከበዳት ሁሉ ማቃሰት ጀመረች። ወዲያውም የኋላ ጎማዎቿ አንድ ጊዜ ተንቋቁተው ሞተሩ ቀጥ አለ።

ያ ቀይ መብራት የዲናሞ ነው፤ ይህን ያህሉን ዐውቀናል። ያላወቅነው ግን ይህ ነው። የቮልስዋገን ሞተር ውሃ የለውም፤ የሚበርደው በነፋስ ነው። ነፋሱን የሚያመጣው ማራገቢያ ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ ላይ የተተከለ ሲሆን፣ ሁለቱን የሚያዞራቸው አንድ ቺንጋ ብቻ ነው። እንግዲህ ቺንጋው ሲበጠስ መብራቱ «ባትሪው አይሞላም» ብቻ አይደለም የሚለው፤ «ሞተርህ ትንፋሽ አጥቷል፣ ቁም!» ማለቱ ነው። እኛ ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ኪሎ ሜትር ነዳነው።

ጓደኛችን አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገረንም። ይህ ዝምታው ከስድብ ይልቅ ከበደን። በማግሥቱ ያነጋገርነው ጋራዥ ለሥራውና ለሞተሩ የጠየቀው ዋጋ የጓደኛችን የአምስት ወር ደመወዝ ሆነ። እናቱም በረንዳ ላይ ተቀምጠው በገመድ ተጎትታ የገባችውን መኪና እያዩ፣ «እንግዲህ ትሸጣታ» አሉ። ድምፃቸው የተስፋ መቁረጥ እንጂ የምክር አልነበረም።

ጋሼና በርጩማቸው

በሰፈሩ ሠላሳ ዓመት በሙያው የኖሩ፣ አሁን ግን ወገባቸውን ታመው ሥራ ያቆሙ አንድ መካኒክ ነበሩ። ሄደን ስንለምናቸው፣ «እኔ መፍቻ አልነካም። በርጩማ አምጡልኝ፤ እኔ እናገራለሁ፣ እናንተ ትፈታላችሁ» አሉን። «ጋሼ፣ እኛ እኮ ይህን ሥራ አናውቅም» ብንላቸው፣ «ማቃጠሉንስ ማን አስተማራችሁ?» ብለው አፋችንን አስያዙን።

መጀመሪያ ያስተማሩን ነገር አለመቸኮልን ነው። ሞተር ነክሷል ብሎ ከመፍረድ በፊት ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጎ፣ የሞተሩን ዋና ዘንግ ጫፍ በትልቅ መፍቻ ለማዞር መሞከር ያስፈልጋል። አንዳንድ ጊዜ የተጣበቀ የመሰለ ሞተር ሲበርድ ይለቃል። አንዳንድ ጊዜም ጥፋቱ የሞተሪኖው እንጂ የሞተሩ አይሆንም። የእኛ ግን ሌሊቱን አድሮም አልተነቃነቀም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ጠዋት የባትሪውን ገመድ ፈታን፤ ዘይቱን በሳፋ ቀዳን። የወጣው ጥቁርና ቀጭን ነበር፤ ጋሼ በሁለት ጣታቸው አሽተው ከፀሐይ ላይ ቢያዩት የብረት ብናኝ አብረቀረቀ። ከዚያ የነዳጁን ጎማ፣ የቤንዚን መስጫውን ገመድ፣ የማሞቂያውን ገመዶችና የኤሌክትሪኩን ሽቦዎች አላቀቅን። እያንዳንዱን ሽቦ ስንፈታ ወረቀት አስረን ስሙን ጻፍንበት፤ ከዩኒቨርሲቲ ትምህርታችን በዚያ ቀን የረዳን ይህ ብቻ ነው።

የቀረው ነገር እጅግ አስደነቀን። ያን ሁሉ ሞተር ከካንቢዮው ጋር የሚያያይዙት አራት ቡሎኖች ብቻ ናቸው፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። ሁሉም በ17 ቁጥር መፍቻ ይፈታሉ። ነገር ግን ሞተሩ ከመቶ ኪሎ በላይ ይመዝናል። በዚህ ጊዜ ጋሼ ከበርጩማቸው ተነሥተው፣ «በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር የሚገባ ሰው ለእናቱ አያስብም» አሉና ከግራና ከቀኝ ወፍራም የእንጨት ጉማጅ አስደግፈው፣ ራሳቸው ነቅንቀው ካላዩ በስተቀር ማንንም አላስገቡም። ሞተሩን በሌላ ክሪክ ላይ ደግፈን ወደ ኋላ ስንስበው፣ ከካንቢዮው ዘንግ ተላቆ ቀስ እያለ ወደ መሬት ወረደ።

ሦስተኛው ሲሊንደር

ምሽቱን ሞተሩን ከፈትነው። የቮልስዋገን አራት ሲሊንደሮች እያንዳንዳቸው ለየብቻ የሚወልቁ ናቸው። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው በእጅ ወጡ። ሦስተኛው ግን ፒስተኑን ነክሶ ይዞ ቀረ።

ለምን ሦስተኛው? ጋሼ በከሰል ጡብ ላይ ሥለው አስረዱን። በ1971 ከወጡት ሞዴሎች በፊት በተሠሩት ሞተሮች የዘይቱ ማቀዝቀዣ የሚቆመው በማራገቢያው ቤት ውስጥ፣ ልክ ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር በሚሄደው ነፋስ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው በደኅናውም ቀን ከወንድሞቹ ያነሰና የሞቀ ነፋስ ይደርሰዋል። ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚወድቀው እርሱ ነው። ፋብሪካው ይህን ዐውቆ ከ1971 ጀምሮ ማቀዝቀዣውን ከዚያ መንገድ አንሥቶ ለብቻው ቤት ሠራለት።

የመንከሱም ምሥጢር ረቂቅ አይደለም። ፒስተኑ አሉሚኒየም ነው፤ ሲሊንደሩ ብረት ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ይሰፋል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ የሚሊ ሜትር መቶኛ ነው። ነፋሱ ሲቋረጥ ሙቀቱ ይወጣል፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ፒስተኑ ክፍተቱን ይሞላና ግድግዳውን ይነክሳል። በፊዚክስ ትምህርት ይህን ሁሉ ተምረን በፈተና ላይ ደኅና ማርክ አግኝተንበት ነበር። ከቀዩ መብራት ጋር አያይዘን ግን አንድ ቀን እንኳ አላሰብነውም።

ፒስተኑንና ሲሊንደሩን ብቻ ለውጠን ብንተወውስ ብለን ጠየቅን። ጋሼ ኩሽኔታዎቹን አሳዩን፤ ተልጠዋል። በዘይቱ ውስጥ ያየነው ብናኝ የእነርሱ ነበር። «ልቡ የተቃጠለውን ሰው ጥርሱን ብትነቅሉለት አይድንም» አሉና ሞተሩ በሙሉ እንዲለወጥ ፈረዱ።

ሶማሌ ተራ

በሦስተኛው ቅዳሜ መርካቶ፣ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ከሶማሌ ተራ ዋልን። ጋሼ ሦስት ትእዛዝ ሰጥተውን ነበር። አንደኛ፣ ሞተሩን በእጅ አዙሩት፤ በሙሉ ዙር ሳያንገራግር ይዙር። ሁለተኛ፣ የኋላውን ፑሊ ይዛችሁ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ግፉት፤ የሚፈቀደው እንቅስቃሴ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ ያህል ነው፤ «ቋ» ብሎ ከተሰማ ዘወር በሉ። ሦስተኛ፣ በዲናሞው መቆሚያ ሥር ያለውን ቁጥር አንብቡ፤ የተፋቀ ቁጥር ያለበትን በነጻ ቢሰጧችሁ እንኳ አትውሰዱ።

የመጀመሪያው ሻጭ፣ «ይህ ከጀርመን እንደ መጣ ነው» እያለ ያሳየን ሞተር ፑሊው ሲገፋ በር እንደሚዘጋ አንኳኳ። ትተነው ሄድን፤ ሰውዬው ከኋላችን ዋጋውን ግማሽ ድረስ እየቀነሰ ተጣራ። ሁለተኛው 1,600 የሚባለው፣ ማቀዝቀዣው ለብቻው የተሠራለት ሞተር ነበር። ዞረ፤ አላንኳኳም፤ ቁጥሩም ይነበባል። ዋጋውን ለሦስት ተካፈልን። ጓደኛችን እንቢ ቢለንም፣ ዕዳው የማን እንደ ሆነ ልባችን ስለሚያውቅ አልተቀበልነውም።

ገጠማው

ማውጣቱ ቀላል እንደ ነበረ ማስገባቱም ቀላል መስሎን ነበር። ሞተሩን ከፍ አድርገን ወደ ካንቢዮው ብንገፋው ሁለት ጣት ያህል ቀርቶ እምቢ አለ። ሁለት ሰዓት ታገልነው። በመጨረሻ ከእኛ አንዱ፣ «ቡሎኑን እያጠበቅን ብንስበውስ?» ሲል ጋሼ በርጩማቸውን ገልብጠው ተነሡ። «ሰውየውን በገመድ እየጎተታችሁ ልታጋቡት ነው? በኃይል ከሳባችሁት የፍሪሲዮኑን ዲስክ ታጣምማላችሁ። እምቢ ያለው አንዳች ነገር ስላልተስተካከለ ነው፤ አውጡት!»

አወጣነው። እውነትም ዲስኩ ከመሐሉ ዘወር ብሎ ነበር። ከመጥረጊያ እጀታ አንድ ዘንግ ቀርጸን ዲስኩን መሐል አስያዝነውና እንደገና ስንገፋው፣ ሞተሩ ያለ ምንም ትግል ገብቶ ገጠመ። በዚያ ቅጽበት ሦስታችንም እንደ ልጅ ጮኽን።

ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ሞላን። የቫልቮቹን ክፍተት በበረደበት በ0.15 ሚሊ ሜትር አስተካከልን። አዲስ ቺንጋ አደረግን፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት በመጠኑ ረገብ እንዲል እንጂ እንደ ክራር ክር እንዳይወጠር ጋሼ አስጠነቀቁን። ከመለኮሱም በፊት የኮይሉን ሽቦ ነቅለን፣ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ሞተሪኖውን ብቻ አዞርን፤ ደረቅ ሞተር መለኮስ ሁለተኛ ጥፋት ነውና። ከዚያ ሽቦውን መለስን። ጓደኛችን ቁልፉን አዞረ። አንዴ አስነጠሰ፣ ሁለት ጊዜ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ያ የታወቀው የቮልስ ድምፅ ጓሮውን ሞላው። እናቱ በረንዳ ላይ ብድግ አሉ እንጂ ምንም አልተናገሩም።

በመሳቢያው ውስጥ የተገኘው

ሥራው ከዚህ ላይ አያልቅም። የሞተር ቁጥር በሊብሬ ላይ የተጻፈ ስለ ሆነ፣ ሞተር የለወጠ ሰው የግዢውን ደረሰኝ ይዞ ለውጡን ማስመዝገብ አለበት፤ አለዚያ መኪናው በምርመራ ጊዜም ሆነ በሽያጭ ጊዜ ከወረቀቱ ጋር ይጣላል። በቢሮ የምንሠራ ሰዎች ይህን ብንዘነጋ ዕፍረቱ እጥፍ ነው።

ስለዚህ ጓደኛችን ሊብሬውን ፍለጋ የመኪናዋን መሳቢያ ከፈተ። ከወረቀቶቹ ሥር በአሮጌ ጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አገኘ። ፈታው። አዲስ ቺንጋ ነበር፤ ከጎኑም 21 ቁጥር መፍቻና አንድ ካቻቢቴ። የቮልስዋገንን ቺንጋ ለመለወጥ ከዚህ ሌላ ምንም አያስፈልግም፤ የለመደ ሰው በሩብ ሰዓት ይጨርሰዋል። አባቱ ለዚያች ዕለት አዘጋጅተው ትተውለት ነበር። ከዱከም እስከ አቃቂ ድረስ ከጉልበታችን ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር።

ጓደኛችን ቺንጋውን በእጁ ይዞ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ በዚያው ጋዜጣ መልሶ ጠቅልሎ ከቦታው አኖረው።

እንግዲህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሁሉ የጻፍነው መኪና ለሌለው ሰው ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለውን አሮጌ ሞተር ጠብቆ የሚያኖር እጅ ዋጋው ከፍ ብሏል፤ እንዲህ ያለ እጅም በጋሼ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ይዘውት ወደ ቤታቸው እየገቡ ነው። ሳይሄዱብን ከበርጩማቸው አጠገብ ብንቀመጥ የሚበጀን እኛን ነው። ሁለተኛ፣ ቀይ መብራት በመኪና ላይ ብቻ አይበራም። በቢሮው መዝገብ፣ በጤናችን፣ በትዳራችን ፊት ይበራል፤ አጠገቡም «ቤት ስንደርስ ይታያል» የሚል እንደ እኛ ያለ ዐዋቂ አይጠፋም። የጥንት ሰዎች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ሞተር ሳያዩ ነው።

ካርማን ጊያዋ ዛሬ ደኅና ናት። ጓደኛችን እሑድ እሑድ እናቱን ቤተ ክርስቲያን ያደርስባታል። እርሳቸውም ገብተው ሳይቀመጡ አንድ ጥያቄ አላቸው፤ «ቺንጋውን ይዘሃል?»