ገመድ ሲበጠስ የሚረዝመው መንገድ

ጳጉሜን 1 ቀን 2017 ዓ.ም በቀይ ባሕር፣ በጅዳ አቅራቢያ የባሕር ሥር የኢንተርኔት ገመዶች ተበጥሰው በኤምሬትስ፣ በሕንድና በፓኪስታን ኢንተርኔት ተንቀራፈፈ። ማይክሮሶፍትም መረጃው በሌላ መንገድ በመዞሩ የአዙር ደንበኞቹ መዘግየት ሊገጥማቸው እንደሚችል አስታወቀ።

እንዲህ ያለው ብልሽት ለባለሙያ አሳሳች ነው። ሰርቨሩ ጤነኛ ነው፤ ዳታቤዙም ፈጣን ነው። ተጠቃሚው ግን ገጹ እስኪከፈት ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ ተጨማሪ ሰርቨር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ብርሃን በመስታወት ገመድ ውስጥ በአንድ ሚሊሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። መንገዱ በ10,000 ኪሎ ሜትር ቢረዝም ደርሶ መልሱ 100 ሚሊሰከንድ ይጨምራል። ይህ ብቻውን ኢምንት ይመስላል። ይሁንና አንድ ገጽ እስኪከፈት ግንኙነት መመሥረት፣ የምስጢር ቁልፍ መለዋወጥና ተከታታይ ጥያቄዎችን መላክ ያስፈልጋል። ደርሶ መልሱ አሥር ጊዜ ቢደጋገም አንድ ሙሉ ሰከንድ ይባክናል።

ችግሩን የሚያጋልጠው ትሬስሩት የተባለው መሣሪያ ነው፤ መረጃው የሚያልፍባቸውን ራውተሮችና የየአንዳንዳቸውን የምላሽ ጊዜ በተራ ያሳያል። ብዙዎች የሚሳሳቱት በንባቡ ላይ ነው። በመሐል አንዱ ራውተር ብቻ ዘግይቶ ቀጣዮቹ ፈጣን ከሆኑ፣ ያ ራውተር ለመመለስ አልቸኮለም እንጂ መንገዱ ደህና ነው። መዘግየቱ ከአንድ ስፍራ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ከዘለቀ ግን ጥርጣሬው እዚያ ላይ ይወድቃል። መልሱ በሌላ መንገድ ሊመጣ ስለሚችልም ፍተሻው ከሰርቨሩ ወደ ተጠቃሚው ጭምር መደረግ አለበት።