የላፕቶፕ ኃይል ሁነታ ፍተሻ

የላፕቶፕ ኃይል ሁነታ ፍተሻ ማለት «ከፍተኛ ብቃት»፣ «ሚዛናዊ» ወይም «ኃይል ቆጣቢ» የሚለው ምርጫ ሲቀየር የፕሮሰሰሩ አሠራር በእርግጥ መቀየር አለመቀየሩን በልኬት ማረጋገጥ ነው። ምርጫው ከስክሪኑ ተነስቶ ፕሮሰሰሩ ጋ እስኪደርስ በዴስክቶፑ፣ በከርነሉ ድራይቨርና በማሽኑ ፈርምዌር በኩል ያልፋል። ከእነዚህ አንዱ ትእዛዙን ካላስተላለፈ በስክሪኑ ላይ ያለው ምልክት ይቀየራል፣ ማሽኑ ግን እንደነበረ ይቀጥላል። ከዚህ በታች ያለው በሊኑክስ ላይ ያተኩራል፤ እዚያ አብዛኛው ቅንብር እንደ ተራ ፋይል ተከፍቶ ሊነበብ ይችላል።

ሁነታው ምን ይቀይራል?

ፕሮሰሰር በሥራ ላይ ሳለ የሚፈጀው ኃይል በግምት ከድግግሞሹ እና ከቮልቴጁ ካሬ ብዜት ጋር ይመጣጠናል። ስለዚህ ሁለቱም በ10 በመቶ ቢቀንሱ የኃይል ፍጆታው ወደ 73 በመቶ ገደማ ይወርዳል። የመጨረሻዋ ጥቂት ፍጥነት ውድ ናት ማለት ነው። ኢንቴል በ2000 እ.ኤ.አ. ስፒድስቴፕ የተባለውን ዘዴ በላፕቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ላይ ያስገባው ይህንኑ ለመጠቀም ነበር።

በሊኑክስ ድግግሞሹን የሚመርጠው ክፍል ገቨርነር ይባላል። ለኢንቴል ፕሮሰሰሮች ኢንቴል ፒስቴት የተባለው ድራይቨር በ2013 ከከርነል 3.9 ጋር መጣ፤ የኤኤምዲው አቻ በ2022 ከከርነል 5.17 ጋር ተከተለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በኢንቴል ፒስቴት የተለመደ አሠራር «ፓወርሴቭ» የተባለው ገቨርነር፣ ስሙ እንደሚለው ፕሮሰሰሩን ዝቅተኛው ፍጥነት ላይ አያስረውም፤ እንደ ሥራው ጫና ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ከ0 እስከ 255 ያለ ሌላ ቁጥር ደግሞ ለፕሮሰሰሩ ምን ያህል ወደ ፍጥነት ወይም ወደ ቁጠባ እንዲያዘነብል ይነግረዋል፤ 0 ፍጥነትን ያስቀድማል።

ከፕሮሰሰሩ ውጪ ያለውን፣ ማለትም የማራገቢያውን ባህሪና የማሽኑን የኃይል ጣሪያ፣ የሚነካው ፕላትፎርም ፕሮፋይል ነው። ይህ በ2021 ከከርነል 5.12 ጋር የተጨመረ ሲሆን እንዲሠራ የላፕቶፑን ሞዴል የሚያውቅ ድራይቨር ያስፈልገዋል።

አፈታተሹ

መጀመሪያ የትኛው ድራይቨር እንደተጫነ እና የትኞቹ ሁነታዎች እንደሚገኙ ከፋይሎቹ ይነበባል። ቀጥሎ ሁነታው ተቀይሮ ፋይሉ እንደገና ይነበባል። አዲሱ ስም መታየቱ ግን ከርነሉ ትእዛዙን መቀበሉን እንጂ ሌላ ምንም አያሳይም። ማስረጃው የሚገኘው ሁሉንም ኮሮች በአንድ ዓይነት ሥራ አጨናንቆ ድግግሞሹን፣ ሙቀቱን እና ዋቱን በመለካት ነው። ለዚህ ተርቦስታት የተባለው መሣሪያ ይበቃል።

አጭር ፍተሻ ያታልላል። ፕሮሰሰሮች ሥራ ሲጀምሩ ለጥቂት ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በአስር ሰከንዶች ለሚቆጠር ያህል፣ ከዘላቂው ጣሪያቸው በላይ እንዲፈጁ ይፈቀድላቸዋል። በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ብቻ የተለካ ሰው ሁነታዎቹ ልዩነት የላቸውም ብሎ ሊደመድም ይችላል። አሥር ደቂቃ ያህል ማስኬድ፣ በሁለት ሙከራዎች መካከል ማሽኑ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ እና በቻርጀርም በባትሪም ለየብቻ መለካት ይሻላል። ላፕቶፑም ጠረጴዛ ላይ ይሁን፤ አንዳንድ የሌኖቮ ቲንክፓድ ሞዴሎች ጭን ላይ መሆናቸውን በሴንሰር አውቀው ተጠቃሚው እንዳይቃጠል ኃይላቸውን ይቀንሳሉ።

ዝቅተኛ ዋት ሁልጊዜ የባትሪ ቁጠባ አይደለም። ለምሳሌ አንድ ሥራ በፈጣኑ ሁነታ በ30 ዋት 100 ሰከንድ፣ በቆጣቢው በ15 ዋት 160 ሰከንድ ይፈጃል እንበል። የፕሮሰሰሩ ፍጆታ 3000 እና 2400 ጁል ይሆናል። ስክሪኑና ሌሎች ክፍሎች 10 ዋት ከወሰዱ ግን ድምሩ በሁለቱም 4000 ጁል ነው፤ ሥራው እንዳለቀ ላፕቶፑ የሚዘጋ ከሆነ ቆጣቢው ሁነታ ምንም አላተረፈም። ቀኑን ሙሉ ጽሑፍ ለሚያነብ ሰው ሂሳቡ ሌላ ነው፤ ለእሱ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ባትሪው የሚወርድበት መጠን ይበልጥ ይጠቅመዋል። ይህ ሲለካ የስክሪኑ ብርሃን አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

ልዩነት ካልታየ

ሁለቱ ሁነታዎች ተመሳሳይ ዋት ካሳዩ ሙቀቱን ማየት ይቀድማል። ማራገቢያው በአቧራ ከተደፈነ ፕሮሰሰሩ በሁለቱም ሁነታዎች በሙቀት ጣሪያው ይገታል፤ ጥፋቱ የድራይቨሩ አይደለም። ሌላው የተለመደ ምክንያት ሁለት የኃይል መቆጣጠሪያ ፕሮግራሞች በአንድነት መሥራታቸው ነው፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ይሽረዋል። የፕላትፎርም ፕሮፋይሉ ፋይል ጭራሹን ከሌለ ደግሞ ከርነሉ አሮጌ ነው ወይም ለዚያ ሞዴል ድራይቨር አልተጻፈለትም። በብዙ ዴስክቶፖች ላይ የሚገኘው ፓወር ፕሮፋይልስ ዴመን የሚጠቀምበት ሌላ የፕሮሰሰር ድራይቨርም ካላገኘ «ሚዛናዊ» እና «ኃይል ቆጣቢ»ን ብቻ ያሳያል፤ «ከፍተኛ ብቃት» ከዝርዝሩ ይጠፋል።