ለቡታጅራ ሙሽሮች የቀረቡ ደሴቶች

ለጫጉላ ሽርሽር ደሴት የሚመኙ ሙሽሮች አሳባቸው ቶሎ የሚሄደው ወደ ዛንዚባር ወይም ወደ ማልዲቭስ ነው። ከቡታጅራ በስተምሥራቅ፣ በመኪና 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ግን ዝዋይ ወይም ደምበል የሚባለው ሐይቅ ቱሉ ጉዶን፣ ጸደቻን፣ ፉንድሮን፣ ገሊላንና ደብረ ሲናን ይዟል። ለሁለት ሰዎች ከግርግር ርቆ መቆየት ከዘንባባና ከነጭ አሸዋ ይልቅ የሚሻው በውኃ የተለየ መሬትና እንግዳ መቀበል የሚያውቅ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ። ደምበል ሁለቱም አሉት።

በዓለም የታወቀው የደሴት ሪዞርት የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ማልዲቭስ የመጀመሪያውን ሪዞርት፣ ኩሩምባን፣ በ1972 እ.ኤ.አ. ከፈተች። ከዚያ በኋላ የሰፋው አሠራር ለአንድ ደሴት አንድ ሆቴል የሚል ነው፤ ብዙውን ጊዜም የሚመረጡት ነዋሪ የሌለባቸው ደሴቶች ናቸው። ሆቴሉ መብራቱን በራሱ ጄነሬተር ያመነጫል፣ የባሕሩን ውኃ ጨዉን አጣርቶ ያጠጣል፣ አብዛኛውን ምግብ ከውጭ ያስመጣል። ሙሽሮቹ ብቻቸውን የሚሆኑት ቀድሞውኑ ሰው ስለሌለ ነው። የሚከፍሉት ዋጋም የተነጠፈላቸውን ባዶነት ለመጠበቅ የሚወጣው ወጪ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የደምበል ደሴቶች ግን የዛይ ሕዝብ አገር ናቸው። ዛዮች ዓሣ አጥማጆችና ገበሬዎች፣ በሃይማኖትም በአብዛኛው ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ናቸው። ቋንቋቸውን የቋንቋ ሊቃውንት ከስልጥኛ፣ ከወለንኛና ከሐረሪ ጋር ይመድቡታል፤ ስለዚህ ከቡታጅራ የሚሄድ እንግዳ ደሴቱ ላይ የሚያገኘው ዘመድ ቋንቋ ነው። በትልቁ ደሴት በቱሉ ጉዶ አናት ላይ የደብረ ጽዮን ቤተ ክርስቲያን አለ። በሚነገረው ትውፊት መሠረት በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ እዚህ ለሰባ ዓመት ያህል ተቀምጣለች። ታሪክ አጥኚ ትውፊቱን እንደፈለገ ይመዝነው፤ ይህ ውኃ ከጥንት ጀምሮ የመሸሸጊያ ስም እንዳለው ግን ግልጽ ነው።

ውኃው ራሱም ለጉራጌ ባዕድ አይደለም። ሐይቁን በዋናነት የሚመግቡት ሁለት ወንዞች ናቸው፤ ከተር ከአርሲ ደጋ፣ መቂ ደግሞ ከጉራጌ ተራሮች ይወርዳል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ቡታጅራ የተነሣ ሰው ወደ 1,636 ሜትር ሲወርድ የዝናቡን መንገድ እየተከተለ ነው። አየሩ ይሞቃል፣ ፔሊካንና ዓሣ በል ንስር ይታያሉ፣ ማታ ግን የስምጥ ሸለቆው ንፋስ ያቀዘቅዛል።

ጊዜውም ይገጥማል። በመስቀል ሰሞን በየከተማው የተበተነው ጉራጌ ወደ አገሩ ይገባል፤ አዲስ የተጋባ ወጣትም ሚስቱን ለቤተሰብ ያስተዋውቃል። ያ ደስታ ትልቅ ነው፤ ክትፎውና ምርቃቱ ግን ለሁለቱ ብቻ የሚሆን ሰዓት አይተውላቸውም። ቤቱ ዘመድ በዘመድ ሲሆን አንድ ቀን ወጣ ብሎ በጀልባ መሻገር ወግን መናቅ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ባልና ሚስት እርስ በርስ መነጋገሪያ ጊዜ ያስፈልጋቸዋልና።

ቢያንስ ሦስት ተቃውሞ ይነሣል። አንደኛው ምቾት የለም የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ደሴቶቹ ላይ የማልዲቭስ ዓይነት ክፍል አይጠበቅም። ስለዚህ አዳሩን በሐይቁ ዳር ባለችው በባቱ (ዝዋይ) ከተማ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አድርጎ ቀኑን ደሴት ላይ መዋል ይቻላል። ሁለተኛው መዋኘት አይቻልም የሚል ነው። ይህም ትክክል ነው፤ በሐይቁ ጉማሬ አለ፣ ዳርቻውም ለቢልሃርዝያ ያጋልጣል፤ ለዋና የሚመጣ ሰው ሌላ ቦታ ይምረጥ። ከሁሉም የሚከብደኝ ሦስተኛው ነው፤ ገዳምና ቤተ ክርስቲያን ባለበት የፍቅር ሽርሽር ነውር አይሆንም ወይ? ነዋሪው የሚያከብረውን ሥርዓት ያልጠበቀ ጥንድ እዚያ መሄድ የለበትም። ግን ተክሊል የደፉ ባልና ሚስት ደብር ሥር ተቀምጠው ቆሮሶ ጥብስ መብላታቸው ነውር ሊባል አይችልም። ትሕትና የሚጠየቀውም ማልዲቭስ ላይ በሌለ ምክንያት ነው፤ እዚህ ባለቤት አለ።

ለወልቂጤዎች ቅርቡ ሌላ ነው። በወሊሶ በኩል ወጥተው የሚያገኙት የወንጪ እሳተ ገሞራ ሐይቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ሲሆን በመካከሉ ደሴት የቂርቆስ ገዳም አለው። በ2021 እ.ኤ.አ. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል፤ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክትም ሎጅ ተሠርቶለታል። ብርዱ ግን ሐሩር ደሴት ለሚመኝ አይሆንም፤ ጋቢ ይዞ መሄድ ነው።

ታዲያ ደምበል ላይም ትልቅ ሪዞርት ቢሠራ ለዛይ ወጣቶች ሥራ አይከፍትም ወይ የሚል ይኖራል። ሥራው ያስፈልጋል፤ መጠኑን የሚወስነው ግን ሐይቁ ነው። አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በዙሪያው ያለው መስኖ ይስበዋል፣ እምቦጭም ገብቶበታል። ትርፉን በቡልቡላ ወንዝ የሚቀበለው አብያታ ምን ያህል እንደሸሸ የሚያየው ሁሉ ያውቃል። በዚህ ላይ የመታጠቢያና የመጸዳጃ ፍሳሽ የሚለቅ ባለ ብዙ ክፍል ሆቴል ሲጨመር ዓሣ አጥማጁ ጥቂት የአስተናጋጅ ደመወዝ አግኝቶ መረቡን ያጣል። እኔ የምመርጠው በዛዮች እጅ የሚተዳደሩ፣ ፍሳሻቸው ወደ ሐይቁ የማይወርድ ጥቂት ጎጆዎችን ነው፤ የጀልባው ኪራይ፣ የዓሣው ዋጋና የአስጎብኚው አበል እዚያው የሚቀርበት። ሐይቁን የመጠበቁ ሌላው ሥራ ከዚያ ራቅ ብሎ፣ በራሱ በጉራጌ ተራራ ላይ ነው፤ የመቂ ተፋሰስ ከተራቆተ ደለሉ የሚያርፈው ደሴቶቹ ሥር ነውና።