የደጋ ብርድና የአክሶሎትል ውሃ

አክሶሎትል ለማኖር ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ መስታወቱ ሳጥን ትልቅነት ነው። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ግን ውሃው ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚከርም ነው። ለዚህ የሜክሲኮ እንስሳ የሚስማማው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለ ውሃ ነው፤ ከ22 አልፎ ከሰነበተበት ምግብ ይተዋል፣ ይዳከማል፣ ቆዳውን ፈንገስ ይወርሰዋል። በሞቃት አገር የሚያኖሩት ሰዎች ከሳጥኑ የሚወደድ የውሃ ማቀዝቀዣ የሚገዙትም ለዚህ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው የመንዝ ከተማ በሞላሌ ግን ማቀዝቀዣ አያስፈልግም፤ የመንዝ አየር ራሱ ይበቃል። ይሁን እንጂ ብርዱ ለእንስሳው ከሚያስፈልገው ግማሹን በነፃ ሲሰጥ ሌላውን ግማሽ ያዘገያል። ይህን ያልተረዳ ሰው ሁሉን ነገር ገዝቶ አሟልቶም ቢሆን እንስሳውን በሳምንታት ውስጥ ሊያጣው ይችላል።

አክሶሎትል ሳላማንደር ነው፤ ጅራቱን እንደያዘ የሚኖር የእንቁራሪት ሩቅ ዘመድ። ከሰሐራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ አንድም አገር በቀል ሳላማንደር ስለሌለ ለእኛ አንባቢ እንግዳ ቢሆን አያስገርምም። ብዙዎቹ ዘመዶቹ ሲጎለምሱ ከውሃ ወጥተው በየብስ ይኖራሉ። እሱ ግን የልጅነት መልኩን ሳይለውጥ ለመውለድ ይደርሳል፤ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ሆነው የሚወዛወዙት ላባ መሳይ መተንፈሻዎችም ዕድሜውን ሙሉ አብረውት ናቸው። እግሩ ቢቆረጥ ከነአጥንቱ መልሶ ያበቅላል፤ የተጎዳ ኅብለ ሰረሰሩንም ይጠግናል። እ.ኤ.አ. በ1864 ከሜክሲኮ ወደ ፓሪስ ከተላከ ወዲህ በየቤተ ሙከራው ሲራባ የኖረ ሲሆን፣ ዛሬ በየቤቱ የሚገኘውም በሰው እጅ የተራባ ነው። በተፈጥሮ የቀረው በሜክሲኮ ሲቲ ዳርቻ ባሉት የሶቺሚልኮ ቦዮች ብቻ ነው፤ በዚያም እ.ኤ.አ. በ1998 በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 6,000 ያህል ይገመት የነበረው በ2014 ወደ 36 ወርዷል። ሶቺሚልኮ ያለው 2,240 ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ አክሶሎትል ከመነሻው ደገኛ ነው።

ሞላሌ ከሶቺሚልኮም ትበርዳለችና አይከፋበትም ወይ የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። አክሶሎትል 10 ዲግሪን ይችላል፤ ከዚያ ወርዶ ከቆየ ግን የበላው ሳይፈጭ ሆዱ ውስጥ ይቀራል። ከብርዱ የባሰው ደግሞ መለዋወጡ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ጥሎ ያድራል፣ ቀኑ ፀሐይ ነው፤ ትንሽ ውሃ ይህን ሁሉ ተከትሎ ይወጣል ይወርዳል። ብዙ ውሃ ግን ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይበርድም። ለአንድ እንስሳ 75 ሊትር ይበቃል ቢባልም፣ ለመንዝ ከ150 ሊትር ባያንስ እመርጣለሁ። ሳጥኑ ከመስኮትና ከምድጃ ርቆ፣ የውጭው ብርድ በማይነካው ግድግዳ በኩል፣ ክብደቱን በሚችል ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ ሌሊት ጎኖቹን በባና መሸፈን ሙቀቱን ያቆይለታል። ከፍታው የአየሩን ግፊት ስለሚቀንስ በውሃው ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም ያንሳል የሚለው እውነት ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ግን ከሞቃቱ የበለጠ ኦክስጅን ይይዛል፤ አክሶሎትልም ሳንባ ስላለው ሲቸግረው ብቅ ብሎ አየር ይጎርሳል።

ብርዱ የሚያዘገየው ግማሽ የውሃው መብሰል ነው። እንስሳው የሚያስወግደው አሞኒያ መርዝ ነው፤ ቆዳው ስስ ስለሆነ በቀላሉ ይዘልቀዋል። በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚሰፍሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትራይቱን ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ሕይወታውያን በአዲስ ሳጥን ውስጥ የሉም፤ ተራብተው እስኪበቁ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጃሉ። ይህም ውሃው 25 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው፤ በሞላሌ ብርድ ከዚያም ይዘገያል። በዚህ ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ እንስሳ አይገባም። ሽታና ሳሙና የሌለበት አሞኒያ ጠብ እየተደረገ፣ ወይም ቁንጥር የዓሣ ምግብ እንዲበሰብስ እየተተወ፣ ባክቴሪያዎቹ ይመገባሉ። በአንድ ሊትር 2 ሚሊ ግራም አሞኒያ ተጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም በመመርመሪያው ዜሮ ሲሆኑ፣ ናይትሬት ብቻ ሲታይ፣ ያን ጊዜ ውሃው ደርሷል። ስለዚህ ዝግጅቱን በኅዳር ሳይሆን ሞቅ በሚለው በመጋቢት መጀመር ይሻላል፤ ማሞቂያ ያለውም ባዶውን ሳጥን አሙቆ ባክቴሪያውን ካራባ በኋላ ውሃውን ቀስ በቀስ ማቀዝቀዝ ይችላል። መብራት ጠፍቶ የማጣሪያው ፓምፕ ሲቆም ደግሞ ስፖንጁ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ያጥራቸዋል፤ በየጊዜው ውሃውን በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ይረዳቸዋል።

የውሃው ምንጭም ይታሰብበት። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ በማስወገጃ መድኃኒት ይጥፋ። ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ ዝናብ ግን አይሆንም፤ ከቆርቆሮው የሚታጠበው ዚንክ ለእንዲህ ያለ ቆዳ አደገኛ ነው፣ የዝናብ ውሃም ማዕድን የለውም። አክሶሎትል ሲበላ አያኝክም፤ ትሉ አፍንጫው ሥር እስኪደርስ ጸጥ ብሎ ይጠብቅና አፉን በቅጽበት በርግዶ ከፊቱ ያለውን ውሃ ከነትሉ ይመጠዋል። መሬቱ ላይ ጠጠር ካለ አብሮ ይገባና አንጀቱን ይዘጋዋል። ስለዚህ ወለሉ ባዶ ወይም ደቃቅ አሸዋ ይሁን። የዓይን ቆብ ስለሌለው መብራት አይወድም፤ የሸክላ ገል መጠለያ ይበቃዋል። ፀረ ተባይ ካልተረጨበት ጓሮ የተቆፈረ የመሬት ትል ከሁሉ የተሻለ ምግቡ ሲሆን፣ ለኮምፖስት የሚረባውን ቀይ ትል ግን ስለሚመርረው ብዙ ጊዜ ይተፋዋል።

ውሃ በሚቀዳበት አገር ይህ ቅንጦት ነው የሚል ተቃውሞ አይናቅም። በሳምንት የሚለወጠው ከሳጥኑ አንድ አምስተኛው ነው፤ ለ150 ሊትር አንድ ጀሪካን ተኩል። ይህን የማይችል ቤት አይጀምረው፤ አንድ ሳጥን ብዙ ተማሪ የሚያይበት የባዮሎጂ ክፍል ለእኔ የተሻለ ቦታው ነው። ከዚህ የከበደው ተቃውሞ የአገራችንን እንቁራሪቶች የሚመለከተው ነው። የኢትዮጵያ ደጋ በሌላ ዓለም የማይገኙ ብዙ የእንቁራሪት ዝርያዎች አሉት። ብዙ እንቁራሪቶችን በዓለም ዙሪያ የጨረሰው ካይትሪድ የተባለ ፈንገስ ቀዝቃዛ አካባቢ ይስማማዋል፤ አክሶሎትል ሳይታመም ሊሸከመው ይችላል። ፈንገሱ በኢትዮጵያ ደጋ እንቁራሪቶች ላይ መታየቱም ጥንቃቄውን አያስቀረውም፤ ሌላ ዓይነት ሊጨመርበት ይችላልና። ስለዚህ የተቀዳው አሮጌ ውሃ ወደ ሞፈር ውሃ ወይም ወደ አዳባይ ወንዝ በሚወርድ ጅረት አይደፋም፤ ከጅረትና ከረግረግ ርቆ ፀሐይ በሚያደርቀው መሬት ላይ ይፈስሳል። ባልዲውና መረቡ በበረኪና ታጥቦ ይደርቃል። የሰለቸው ሰው እንስሳውን ወንዝ ውስጥ አይለቅም፤ ከ10 እስከ 15 ዓመት ስለሚኖር የሚረከበውን ሰው ከመግዛቱ በፊት ይፈልግ። ሴቷ በአንድ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ስለምትጥልም ወንድና ሴት አንድ ሳጥን ውስጥ አይቀመጡ።